ከኦፕራሲዮን በኋላ መቃዠት ስለጀመሩት እናትሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገላት። በነጋታው ደህና ነበረች፣ ስታወራን ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን የሞተውን አባቴን በስሙ እየጠራች ማውራት ጀመረች፣ ግሉኮሱን ነቀለችው፣ እኔን ራሱ "አንቺ ማነሽ" አለችኝ። ቀን ላይ ደግሞ ዝም ብላ ትተኛለች። አንዱ የእድሜ ነው ይላል፣ አንዱ የመርሳት በሽታ ጀምሯት ነው ይላል፣ ዘመድ ደግሞ ቶሎ አስወጥታችሁ ጠበል ውሰዷት እያለ ነው። ማታ እጇን በፋሻ አሰሯት። አብዳ ነው? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ስራዬ በአብዛኛው ተኝተው ከሚታከሙ አዛውንቶች ጋር ነው፣ የጻፍሽውም ነገር ዋርድ ላይ ሁሌ የምናየው ነው። እናትሽን ሳላይ መቶ በመቶ እንዲህ ነው ማለት አልችልም ግን የነገርሽን በሙሉ ዴሊሪየም ነው የሚመስለው፣ ማለትም ሰውነት ሲታመም ወይ ሲጎዳ አንጎል በድንገት ስራው ሲዛባ። እብደት አይደለም። የመርሳት በሽታም በአንድ ማታ አይጀምርም፣ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። «የእድሜ ነው» የሚለውን ደግሞ እባክሽ አትቀበዪው፣ እድሜያቸው እኮ ትናንት ማታ አልመጣባቸውም! ከሦስት ቀን በፊት ደህና ያወሩ የነበሩ እናት ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ ሰውነታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው፣ ያ ነገር ደግሞ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ከተገኘ ይታከማል። አባትሽን መጥራታቸውም «ሊወስዳት መጣ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ተስፋ ቆርጦ ሲያለቅስ አያለሁ፣ የሞተ ሰው ማየት ዴሊሪየም ያለበት ሰው ላይ የተለመደ ነው፣ ከሞት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ሲሻላቸው ይጠፋል።

ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ መረጃ ያለሽ አንቺ ነሽ። ዴሊሪየም ይመጣል ይሄዳል፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ዶክተሮቹ ሲመጡ እናትሽ ረጋ ብለው «ደህና ነኝ ልጆቼ» ሊሏቸው ይችላሉ፣ ቡድኑ አምስት ደቂቃ አይቷቸው ያልፋል፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ሲሆኑ የምታይው አንቺና የማታ ተረኛዋ ነርስ ብቻ ናችሁ፣ እሷም በነጋታው ተረኛ አይደለችም። ኦፕራሲዮን የሰራው ሐኪም ደግሞ እናትሽ ከመውደቃቸው በፊት ምን አይነት ሰው እንደነበሩ በምን ያውቃል? ገበያ ሄደው ሂሳብ የሚያስቡ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም የማይሳሳቱ መሆናቸውን ካልነገርሽው «ድሮም እንዲህ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ስትቀርቢ በግልጽ እንዲህ በይ፦ «እናቴ እንዲህ አልነበረችም፣ ሁለተኛው ቀን ማታ በድንገት ነው የጀመራት፣ ቀንና ማታ ይለያያል፣ ዴሊሪየም ይሆን ወይ? ምክንያቱ ይፈለግልን።» ይሄ ዓረፍተ ነገር ቻርት ላይ እንዲጻፍ ጠይቂ።

እኛ ሐኪሞች የምናየው ምንድነው ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ሻሮን ኢንኡዬ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው መመዘኛ አለ፣ እስካሁን በብዙ አገር የሚሰራበት። ለውጡ በድንገት መጥቶ የሚዋዥቅ መሆን አለበት፣ ትኩረት መጥፋት አለበት፣ ማለትም ታማሚው የጀመሩለትን ወሬ መከታተል አይችልም፣ ጥያቄ ትጠይቂዋለሽ ሌላ ነገር ያያል፣ ከነዚህ ሁለቱ ጋር ወይ ንግግሩ የተዘበራረቀ ነው ወይ ንቃቱ ከተለመደው ወጥቷል፣ በጣም ይቁነጠነጣል ወይ በጣም ይደክማል። ፎር ኤ ቲ የሚባል ኤድንብራ ላይ የተጀመረ አጭር መመዘኛም አለ፣ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ነው የሚወስደው፣ ነርስም ሐኪምም ሊሰራው ይችላል። ንቃታቸው ይታያል፣ እድሜያቸው፣ የተወለዱበት ቀን፣ ያሉበት ቦታና ዓመቱ ይጠየቃል፣ ወራትን ወደኋላ እንዲቆጥሩ ይደረጋል፣ መጨረሻ ላይ በድንገት የመጣ ለውጥ አለ ወይ ይባላል። ከ12 ነው የሚታየው፣ 4 እና ከዛ በላይ ካመጡ ዴሊሪየም ይጠረጠራል። ልብ በዪ፣ ያ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን 4 ነጥብ አለው፣ እሱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ቤተሰብ ነው።

የኛ አዛውንት ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ ብዙ አሉ፣ ደህና ሆነውም አያውቁትም፣ ያንን ስህተት ብሎ መቁጠር ልክ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ያውቁት የነበረውን ጠይቂያቸው፦ ስንት ልጅ አለዎት፣ ቤትዎ የት ሰፈር ነው፣ አሁን ያሉት የት ነው። ለትኩረት ደግሞ ከነሐሴ ጀምረው ሐምሌ፣ ሰኔ እያሉ ወደኋላ እንዲሄዱ፣ ከከበዳቸው ከእሁድ ጀምረው ቀኖቹን ወደኋላ እንዲቆጥሩ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ብትሞክሪው እየተሻላቸው ይሁን እየባሰባቸው ታውቂያለሽ። ፈተና አታስመስይው ብቻ፣ ያናድዳቸዋል።

አሁን ስለ ቀኑ እንቅልፍ። የሚጮኸውንና ግሉኮስ የሚነቅለውን ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ቀን ላይ ዝም ብለው ሲተኙ ግን «እፎይ፣ አረፈች» ይባላል። ያ ዝምታ ራሱ ዴሊሪየሙ ሊሆን ይችላል። ጣራ ጣራውን የሚያዩ፣ ሲጠሯቸው አይናቸውን ገልጠው መልሰው የሚጨፍኑ፣ ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ይዘው ማኘክ የሚረሱ ከሆነ እሱም ለሐኪም መነገር አለበት። ዝምተኛው አይነት ነው ብዙ የሚታለፈው፣ ሲታለፍ ደግሞ ከመተኛት ብዛት ቁስል ይወጣል፣ ምግብ ትን ብሎ የሳንባ ምች ያመጣል፣ በጣም የምፈራው እሱን ነው።

ወደ ምክንያቱ እንምጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፣ ሦስት አራት ትንንሽ ነገሮች ተደራርበው ነው። በእናትሽ ጉዳይ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጭንቅላታቸው ነው። ወድቀው አይደል የተሰበሩት? ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን መቷቸዋል ወይ፣ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ ነበር ወይ? አዛውንት ላይ አንጎል ዙሪያ የሚፈስ ደም ቀስ ብሎ ከቀናት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፣ ዳሌው የሁሉንም አይን ስለሚይዝ ጭንቅላቱ ይረሳል፣ እና ሲቲ ስካን ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ከዛ የደም ስኳር በጣት ይለካ፣ ደቂቃ ነው የሚወስደው። ኦክስጅናቸው በጣት መለኪያዋ ይታይ፣ ሙቀትና አተነፋፈስ ይለካ፣ የደም መጠን ይታይ ምክንያቱም በዳሌ ስብራት ብዙ ደም ይፈሳል፣ ሶዲየምና ኩላሊት በላብራቶሪ ይታዩ። ሳል ወይ ትኩሳት ካለ የሳንባ ምች፣ የቀዶ ጥገናው ቁስል፣ ሽንት፣ ሁሉም ይታይ። ከቆላ አገር በቅርቡ የመጡ ከሆነ የወባ ምርመራ ይጨመር።

ህመም ደግሞ ሰው የሚንቀው ትልቅ ምክንያት ነው። የኛ እናቶች አመመኝ አይሉም፣ «ተመስገን» ነው የሚሉት፣ እግራቸው ሲነካ ፊታቸው ይኮማተር እንደሆነ እያየሽ ለነርሷ ንገሪ። ፓራሲታሞል በሰዓቱ መሰጠቱ፣ ሲጮሁ ብቻ ከመስጠት በጣም ይሻላል። ሽንትና ሰገራም እንደዛው፣ ፊኛ ሞልቶ መውጫ ሲያጣ ወይም ለቀናት ሰገራ ሳይወጡ ሲቀሩ አዛውንት ይቃዣሉ፣ ከእምብርት በታች የተወጠረ ነገር ካየሽ ተናገሪ። የሽንት ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ገብቶላቸው ከሆነ ደግሞ «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽ በየቀኑ ጠይቂ፣ ራሱ ካቴተሩ ኢንፌክሽንም መቁነጥነጥም ያመጣል።

መድኃኒት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ጋር ብዙ ጊዜ መልሱ ይገኛል። ለእንቅልፍ የሚሰጥ ዲያዜፓም፣ ለነርቭ ወይ ለእንቅልፍ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን፣ ለአለርጂና ለማቅለሽለሽ የሚሰጡ እንደ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ፣ ለህመም የሚሰጡ ፔቲዲንና ትራማዶል፣ እነዚህ ሁሉ አዛውንት ላይ ዴሊሪየም ሊያመጡ ወይ ሊያባብሱ ይችላሉ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጨምረሽ በፌስታል ሰብስበሽ አምጪና ዋርዱ ላይ ፋርማሲስት ካለ አብራችሁ እዩት። ድንገት የቆመ መድኃኒትም ችግር ነው፣ ለዓመታት ዲያዜፓም ሲወስዱ የነበሩ ሆነው ሆስፒታል ሲገቡ ከተቋረጠባቸው እሱ ብቻውን ያቃዣል። እንደዛው አረቄ ወይ ጠጅ በየቀኑ የሚጠጡ ከነበሩ እባካችሁ ሳታፍሩ ተናገሩ፣ መጠጥ ከቆመ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣው ዴሊሪየም ሰው የሚገድል ነው፣ ህክምናውም ይለያል፣ እሱ ላይ ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ ዋን ዋና መድኃኒት ናቸው። ቡናም ቢሆን! በቀን ሦስቴ የሚጠጡ እናት በድንገት ሲቋረጥባቸው ራስ ምታትና መነጫነጭ ይመጣል፣ ሐኪሙ ካልከለከለ ጠዋት ላይ አንድ ስኒ ስጧቸው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይቅር።

እነዚህን ካየሽ ራውንድ እንዳትጠብቂ፣ ያኔውኑ ነርስና ተረኛ ሐኪም ይጠሩ፦ በአንድ ጎን እጅ ወይ እግር መስነፍ፣ አፍ መጣመም፣ ማንቀጥቀጥ፣ ሲቀሰቅሷቸው አለመንቃት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር።

ስለ ማሰሩ ልናገር። ማታ ሰላሳ ታማሚ ለሁለት ነርስ ሲሆን ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል፣ ነርሶቹ ላይ አትቆጪ። ግን የታሰረ ሰው ይበልጥ ይፈራል፣ ይበልጥ ይታገላል፣ ይጎዳል፣ ዴሊሪየሙም ይባባሳል። በሱ ፋንታ ግሉኮሱ በትክክል የሚያስፈልግ ካልሆነ ይነቀል፣ ካስፈለገም ክንዳቸው ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ በረጅም እጅጌ ተሸፍኖ ከአይናቸው ይራቅ፣ አልጋው ዝቅ ይበል፣ እና የሚያውቁት ሰው ማታ አጠገባቸው ይቀመጥ። ነርሷን «እኔ ከጎናቸው አልነሳም፣ እጃቸው ይፈታልኝ» ብለሽ ለምኚ፣ አብዛኛው ነርስ ደስ እያላት ነው የምትፈታው።

የሚያስተኛ መርፌ ስጡልን ብላችሁም አትጠይቁ። ሃሎፔሪዶል የሚባለው ራስን ወይ ሌላውን ሊጎዱ ሲሉ፣ ወይም ፍርሃታቸው በምንም አልረጋጋ ሲል በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፣ ዴሊሪየሙን ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አሜሪካ ውስጥ በአይሲዩ (በጽኑ ሕሙማን ክፍል) በ566 ታማሚዎች ላይ የተሰራ ጥናት ሃሎፔሪዶልንም ዚፕራሲዶን የሚባለውን ተመሳሳይ መድኃኒትም መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ ጋር አወዳድሮ የዴሊሪየሙን ጊዜ እንዳላሳጠሩት ነው ያሳየው። ዝም ያለ ታማሚ የዳነ ታማሚ አይደለም።

ታዲያ ምንድነው የሚሰራው? እዚህ ጋር ነው አንቺና ቤተሰቡ የምትገቡት። ያቺው ኢንኡዬ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ጥናት አለ፣ አሜሪካ በሚገኘው ዬል ኒው ሄቨን ሆስፒታል ውስጥ እድሜያቸው 70 እና ከዛ በላይ የሆኑ 852 ታማሚዎች ላይ። የተለመደ ህክምና ያገኙት ውስጥ 15 ከመቶው ዴሊሪየም ያዛቸው፣ አዲሱን ክብካቤ ያገኙት ውስጥ ደግሞ 9.9 ከመቶ። አዲሱ ክብካቤ ምን ነበር? ውድ ማሽን አልነበረም፦ የት እንዳሉና ቀኑን መንገር፣ ማጫወት፣ ማስነሳትና ማራመድ፣ መነጽርና የጆሮ መሳሪያ ማድረግ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማታ ትኩስ ነገር ሰጥቶ ጀርባ አሽቶ ያለ መድኃኒት ማስተኛት። ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር አብሮ ብዙውን የሰራው የሰለጠነ በጎ ፈቃደኛ ነው። እስኪ አስቢው፣ እነሱ በጎ ፈቃደኛ አሰልጥነው ያመጡትን ስራ እኛ ጋር አስታማሚ ሆኖ ቀንና ሌሊት አልጋው ስር የሚያድር ቤተሰብ አለ፣ የጎደለን የሚያሳየው ሰው ነው። አስታማሚን «ውጡ» ከማለት ምን እንደሚሰራ ማሳየት በየዋርዱ ቢጀመር እኔ በበኩሌ ትልቅ ለውጥ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም፣ በዛው ጥናት ዴሊሪየሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ ክብካቤው ክብደቱን ብዙም አልቀነሰውም፣ ዋናው ጥቅሙ መከላከሉ ላይ ነበር። ስለዚህ ዳሌ የተሰበረ አዛውንት ያለው ሌላ አንባቢ ካለ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይጀምር። ዳሌ ላይ ለብቻው የተሰራም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ 126 ታማሚዎች፣ የአረጋውያን ሐኪም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይ ወዲያው ከሱ በኋላ ጀምሮ በየቀኑ እያየ ስለ ህመም፣ ኦክስጅን፣ ፈሳሽ፣ መድኃኒት፣ ሰገራና ሽንት፣ ስለ መነሳት ምክር ሲሰጥ ዴሊሪየሙ ከ50 ከመቶ ወደ 32 ከመቶ ወርዷል። አንድ ሐኪም ብቻውን ያመጣው አይደለም፣ ምክሩን አጥንት ሐኪሙም ነርሷም ፊዚዮቴራፒስቱም ስለሰሩበት ነው።

እናትሽ ጋር ዛሬውኑ ጀምሩ። መነጽራቸው፣ ሰው ሰራሽ ጥርሳቸው ቤት ቀርቶ ከሆነ ይምጣ። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና አጥንት ሐኪሙ ፈቅደው ከሆነ በድጋፍ ይነሱ፣ «ኦፕራሲዮን ያደረገ ሰው አይነሳም» የሚለው ነገር ነው ብዙ ሰው አልጋ ላይ የሚያስቀረው። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ግን ነቅተው ቀና ብለው ሲቀመጡ ብቻ፣ ድብት ብሏቸው ሳለ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ። ማታ መብራት ይቀነስ፣ ስልክ ይዘጋ፣ ለነርሷም መድኃኒቶቹ አንድ ላይ ቢሰጡ እንዳይቀሰቀሱ በትህትና ንገሪያት። ጠያቂ ላይ ጠንከር በሉ፣ የኛ ሰው ፍቅሩ ብዙ ነው አስራ አምስት ሆኖ ይመጣል፣ ሁሉም «አወቅሽኝ? እኔ ማነኝ?» እያለ ይጠይቃቸዋል፣ ግራ የገባውን ሰው ይበልጥ ያስጨንቃል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ፣ ሲገቡ ራሳቸው ስማቸውን ይናገሩ። አስታማሚ ስትቀያየሩ ደግሞ አንድ ደብተር ይኑራችሁ፣ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ምን በሉ፣ ሽንትና ሰገራ፣ መቼ ተረበሹ፣ ያንን ይዘሽ ራውንድ ላይ ብትቀርቢ ሐኪሙ ከምንም በላይ ይጠቀምበታል።

አባትሽን ሲጠሩ «ሞቷል እኮ!» እያልሽ አትከራከሪ፣ እንደ አዲስ መርዶ ነው የሚሆንባቸው። «አዎ መጥቷል» ብለሽም አትዋሺ። «አባዬ ናፍቆሻል አይደል? እኔ ልጅሽ ነኝ፣ ሆስፒታል ነን፣ እግርሽን አሳክመን ወደ ቤት እንሄዳለን» በያቸው፣ እጃቸውን ይዘሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ አጠር አጠር አድርገሽ።

ስለ ጠበሉ፣ እምነታችሁን እኔም አከብራለሁ፣ ግን አሁን ከሆስፒታል አታስወጧቸው። ውስጣቸው ያልታወቀ ኢንፌክሽን ወይ የአንጎል መድማት ካለ መንገድ ላይ ልታጧቸው ትችላላችሁ። የንስሐ አባታቸው መጥተው አልጋቸው አጠገብ ይጸልዩላቸው፣ ይርጩአቸው፣ የሚያውቁት ድምጽና ጸሎት ራሱ ያረጋጋቸዋል። መጠጣቱን ግን ነቅተው ካልተቀመጡ ተዉት፣ ትን ይላል። ጾም ላይ ከሆኑና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አባታቸው ፈቃድ ይስጧቸውና ይብሉ፣ ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ራሱ ያቃዣል።

ወላጆቻችሁ ውጭ አገር ሆስፒታል ተኝተው ይሄን ለምታነቡ፦ እዛ ያለው ችግር ነርስ ማነስ ሳይሆን ቋንቋ ነው። ዓመቱን ሲጠየቁ በኛ አቆጣጠር ከመለሱ በሰባት ወይ በስምንት ዓመት «ተሳሳቱ» ይባላል፣ ሰዓት ሲጠየቁ ስድስት ሰዓት ይለያያል፣ ይሄን ለቡድኑ አስቀድማችሁ ንገሩ። በተቃራኒው ደግሞ ግራ የተጋባ ንግግራቸው «አማርኛ ነው የሚያወሩት» ተብሎ ይታለፋል፣ ዝም ብለው ሲተኙም የቋንቋ ችግር ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን ጠይቁ፣ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ።

እናትሽ መቼ ይሻላቸዋል? ምክንያቱ ከታከመ ብዙ ሰው በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይወስድበታል፣ ወራትም የሚቆይ አለ፣ ስለዚህ አንድ ደህና ቀን አይታችሁ ደብተሩን አትተዉ፣ አንድ መጥፎ ማታ አይታችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሲሻላቸው ያዩትን ነገር አስታውሰው ሊያፍሩ ወይ ሊፈሩ ይችላሉ፣ ከህመሙ የመጣ እንደነበር ንገሯቸው። ዴሊሪየም ያጋጠመው ሰው በኋላ የመርሳት በሽታ የመያዝ እድሉ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴም ቀድሞ የነበረና ያልታወቀ መርሳት በዚህ ነው የሚገለጠው፣ ስለዚህ ከሦስት ወር አካባቢ በኋላ የማስታወስ ችሎታቸውን የሚያይ ሐኪም ጋር ውሰዷቸው። የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ዴሊሪየም እንደነበረባቸው ይጻፍ፣ የተቋረጡት መድኃኒቶች ስምም አብሮ ይጻፍ፣ ወደፊት ሌላ ኦፕራሲዮን ካስፈለጋቸውም ወረቀቱን ለአንስቴዥያ ባለሙያው አስቀድማችሁ አሳዩት።